የአባ እንፋሎት ዋስ

ሐጂ ቃሶ የሞቱ ዕለት ከልጆቻቸው ይልቅ ጎረቤቶቻቸው አለቀሱ። በሻላ ዳር ይህ ማንንም አይደንቅም። ሐጂ ዕድሜ ጠግበው፣ ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ ስመው ነው የሄዱት፤ ለቤተሰቡ ሐዘኑ የወግ ነው። ከቀብር መልስ ግን የዋስ ቤቱ ጸሐፊ ቶልቻ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሟቹ ዋስ የሆኑላቸውን ሰዎች በስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ ደረቱን ይመታል። ለሟቹ ይሁን ለራሱ፣ እሱን አላህ ይወቀው።

ጠጂቱ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። አንዴ የታጠፈ ጉልበቷ ቶሎ የማይዘረጋላት አሮጊት ናት፤ ለቅሶ መድረስ ሰልችቷታል። እናቷ አረቄ አውጪ ሆና ሳለ ልጇን ጠጂቱ ማለቷ በሰፈሩ የድሮ ቀልድ ነበር። ቀልዱን የሚያስታውሱት ሰዎች ግን አንድ በአንድ ተቀብረው አልቀዋል ማለት ይቻላል።

“አቶ ኢተፋ በሪሶ” አለ ቶልቻ መጨረሻ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ኢተፋ ጥጉ ላይ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል። ደረቱን አልመታም። ባርኔጣውን አውልቆ እጁ ላይ ይዞ፣ መሄጃው እንደ ጠፋው ሰው ጥቂት ቆየና ቀስ ብሎ ወጣ።

ኢተፋ በሪሶን የማያውቅ በሻላ ዳር የለም። ከሦስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ሬዲዮና ወፍጮ እየፈታ እየገጠመ ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። ዝናብ ከሸለቆው በራቀበት ዘመን፣ ሕዝቡ ለአፍ የማይሆን መራራ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ በጥም ሲያልቅ፣ የፍልውሃውን ትኩሳት ከሐይቁ ጋር አጋብቶ የሚጠጣ ውሃ ያንጠባጠበ እሱ ነው። አባ እንፋሎት የተባለው ለዚያ ነው። ውሃ ባለበት ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ ዳኛ ይፈልጋል። መጀመሪያ ዳኝነቱ፣ ቆይቶም መሪነቱ እሱ ላይ ወደቀ። ሕግ ተምሮ አያውቅም። አገሩን ያየው በወፍጮ ጠጋኝ ዓይን ነው፤ የቱ ጋ ያፈሳል፣ የቱ ጋ ይጎረብጣል፣ የቱ ብሎን ላልቷል።

ያ ጊዜ ደግሞ ፊት የሚሰረቅበት ጊዜ ነበር። እናት በልጇ ድምፅ ተጠርታ በሯን ለቀማኛ ትከፍታለች። የሞተ ሰው በስልክ መስኮት ብቅ ብሎ፣ እየሳቀ፣ ቤቱን ለማያውቀው ሰው ያወርሳል። ጣትም ዓይንም ይሰረቃል። ኢተፋ አሰበና አንዲት ሕግ በገዛ እጁ ጻፈ፤ ዛሬም ዋስ ቤቱ በር ላይ ተቀርጻ አለች። ሰው በሰው ይታወቅ።

እያንዳንዱ ሰው አብሮ አደጉን ዋስ አድርጎ ያቀርባል፤ ሁለቱም የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል የሚተዋወቁ መሆን አለባቸው። ባልና ሚስት፣ ዘመድና ዘመድ አይዋዋሱም፤ አንድ ቤተሰብ አብሮ ሊዋሽ ይችላልና። ዋሱ አንድ የልጅነት ቀን ይመርጥና በዚያ ቀን የሆነውን፣ ከሁለቱ በቀር ሰው የማያውቀውን ነገር ይናገራል። ባለጉዳዩ በሌላ ክፍል ሆኖ ስለዚያው ቀን ይጠየቃል። ከገጠመ ሰውየው ራሱ ነው። ካልገጠመ ማንም አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ሕጉ ሠርቷል። በሻላ ዳር አስመሳይ ጠፋ። ሌላ ሌላው ነገር ቀስ እያለ ነው የመጣው። ባል ለሚስቱ ሳይሆን መጀመሪያ ለአብሮ አደጉ ሾርባ ይዞ ይሄዳል። ሁለት አብሮ አደጎች ከተጣሉ ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ያስታርቃል። ወላጆች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ልጃቸው ሳል ካለበት ልጅ ጋር እንዳይጫወት ይጠብቃሉ፤ አያቶቹ ረጅም ዕድሜ የኖሩለትን ልጅ ደግሞ ከረሜላ እየሰጡ ወደ ልጃቸው ያስጠጉታል። ዋሱ የሞተበትን ሰው እስከ አርባው ይታገሡታል። በአርባው የዋስ ምልክት ሆኖ አንገቱ ላይ የታሰረው መዳብ ይቆረጣል። የውሃ ቧንቧው ሰውን የሚለየው በመዳቡ ነውና መዳብ የሌለውን በስሙ አይጠራውም፤ ካልጠራውም አይከፈትለትም። ሰውየው ጓዙን ጠቅልሎ ከከተማው በር ውጭ ወዳለው ሜዳ ይወጣል። ማዶ ይሉታል። እዚያ ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይቀራል።

የሐጂ አርባ ሲቃረብ ኢተፋ ጠጂቱ ቤት መጣ። እሷ ደጇ ላይ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

“ቤቶች” አለ ከአጥሩ ውጭ።

“ማነው?” አለች፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ።

“ኢተፋ ነኝ።”

“ዋስ አለህ?”

ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። “የለኝም። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።”

ወንበር አላቀረበችለትም። ራሱ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ከወገቡ በላይ ያለው ሁሉ አብሮ አቃሰተ።

ከዘበርጋ ሞት ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ዘበርጋ ባሏ ነበር። በጎልማሳነቱ ከሩቅ አገር የመጣ አናጢ፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ የሚስቅ ሰው። ሕጉ ሲወጣ አብሮ አደጎቹ የትም ተበትነው ነበርና ዋስ አጣ፤ ማዶ ወጣ። ጠጂቱ ስንቅ እየያዘች ትመላለስ ነበር። ወባ ሲጥለው ግን ሐኪሙ ያለው ከበሩ ወዲህ ነው። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ቀን አንዲት ቀዳዳ ነበረችው፤ የቃል ዋስ ትባላለች። መዳብ ያለው ሰው በሩ ላይ ቆሞ “አብሮ አደጌ ነው” ካለ፣ ምርመራው እስኪደርስ ታማሚው ይገባል። ቃሉ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ግን ሁለቱም ይወጣሉ፤ የዋሸው ሰው የራሱ ዋስም አብሮት ይወጣል። ለዚህ ነው ማንም የማይደፍራት። ጠጂቱ ኢተፋ እግር ላይ ወደቀች። አንዲት ቃል ብቻ በልልኝ፣ ሲሻለው ተመልሶ ይወጣል አለችው። “ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ” አላት። “እኔ ከዋሸሁ ማን ይጠብቀዋል?” ዘበርጋ በማግሥቱ በሩ ጥግ ሞተ።

“ከአብሮ አደጎቼ ካንቺ በቀር የቀረ የለም” አለ ኢተፋ። “ቃሶ ነበር፤ እሱም ሄደ።”

“እኔም መሄጃዬ ደርሷል።”

“እንግዲያ ከመሄድሽ በፊት።”

“ብትወጣስ ምን ትሆናለህ? ማዶም ሰው ይኖርበታል። ባሌ ኖሮበታል።”

“አውቃለሁ።”

“አታውቅም!” አለች። የያዘችው የጎመን ቅጠል ተቀደደ።

ኢተፋ መሬት መሬት አየ። ያንን ሁሉ ብረት የፈቱና የገጠሙ እጆች አሁን ቁልፍ መቆለፍ እንኳ የሚችሉ አይመስሉም። “ደክሞኛል፣ ጠጂቱ” አለ። “ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ሕጉ ጠይቅ ስለሚል ነው የመጣሁት።”

ብትጮህበት ደስ ባላት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት። ግን እሷም ደክሟታል፤ ስድቡ አፏ ላይ ሲደርስ አሮጌ ሆኖ አገኘችው።

“ነገ ጠዋት ዋስ ቤት እመጣለሁ። አሁን ግን ሂድልኝ።”

እሱ ሄዶ ጎመኑን ሳትጨርስ ነው ሐሳቡ የመጣላት። የኢተፋ ሕይወት መማሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ልጆች በቃላቸው ይወጡታል። ትንሹ ኢተፋ የጠጂቱ እናት የወይዘሮ ዝማም አረቄ ሲወጣ ቆሞ ያያል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ሲቀዘቅዝ፣ ጠብ ጠብ ሲል ያያል። ደጓ ወይዘሮ ዝማምም መቃውን ነቅለው “ውሰድ ልጄ፣ አንድ ቀን በዚህ ታጠጣናለህ” ብለው መርቀው ይሰጡታል። ሥዕልም አለው፤ የጠጂቱ እናት ነጭ ለብሳ ትስቃለች። እናቷ ነፍሷን ይማርና እንኳን መቃ፣ እሳት የማታበድር ሴት ነበረች! ኢተፋ ግን ይህንን ታሪክ በየክብረ በዓሉ ሲናገረው ኖሯል። ያን ያህል ዘመን ያወሩት ነገር ደግሞ እውነት ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

እንግዲህ ገብታ እውነቱን ብቻ ትናገራለች። እሱ መጽሐፉን ይናገራል። አይገጥምም። ኢተፋ ዘበርጋ በወጣበት በር ይወጣል፤ እሷም አልዋሸችም። ጎመኗን ከተተች፣ እራቷን በልታ በደንብ ተኛች። በዚህም አላፈረችም።

ዋስ ቤቱ ከከተማው በር አጠገብ ያለ፣ በሳንቃ ለሁለት የተከፈለ ቤት ነው። ኢተፋን ወዲያኛው ክፍል አስገቡት። ቶልቻ እስክሪብቶውን ይዞ ጠጂቱ ፊት ተቀመጠ። እንደ ሁሉም ልጅ ያንን መጽሐፍ ተምሮ ያደገ ሰው ነውና ጨንቆታል።

“እማማ፣ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር አይቆጠርም። የእሳቸው ነገር ደግሞ የቀረ የለም፤ ሁሉም መጽሐፍ ላይ ነው። እስቲ ረጋ ብለው ያስቡ።”

“አስቤበታለሁ ልጄ። መቃው የተወሰደ ቀን።”

“እሱማ እኮ ምዕራፍ አንድ—”

“ያኛው ሌላ ነው። ጻፍ።”

ተናገረች። የገበያ ዋዜማ ነበር። እናቷ ጥንስሱን ጥዳ ጎረቤት ደርሳ ስትመለስ መቃው የለም። አረቄው በእንፋሎት ሄዷል። ለጠፋው ነገር ሁሉ ተጠያቂዋ ጠጂቱ ናት፤ በማማሰያ ገረፈቻት። መሬት ወድቃ ስትገረፍ ከቆርቆሮው አጥር ሥር የቆመ እግር አየች። አንዱ ሸበጥ ቀይ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ። በሰፈሩ እንዲህ የሚጫማ ኢተፋ ብቻ ነው።

“ለእናትዎ ነገሩ?”

“አልነገርኩም።”

“ለምን?”

“እኔ እንጃ” አለች። እውነቷን ነው፤ እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ቶልቻ ወደ ወዲያኛው ክፍል ሄደ። በሕጉ መሠረት ዋሱ መልሱን በጆሮው ይስማ ዘንድ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው።

“አባባ፣ መቃው የተወሰደ ቀን ምን ሆነ?”

ከዚያ የኢተፋ ድምፅ መጣ፤ ያው የአደባባዩ፣ ለስላሳው ድምፅ። “ወይዘሮ ዝማም ደግ ሴት ነበሩ።”

ጠጂቱ ዓይኗን ጨፈነች። ያሰበችው ሆነ። ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ደስታ ግን ወዴት እንደ ሄደ አላወቀችም።

“አይ” አለ ድምፁ። “ቆይ። እሱን አይደለም የጠየቅከኝ።” ሳለ። እንደገና ሲናገር ድምፁ የአደባባዩ አልነበረም። “ሰረቅኩት። ማንም አልሰጠኝም። ይዤ ልሮጥ ስል የጠጂቱን ጩኸት ሰማሁ። አጥሩ ሥር ቆምኩ። ሸበጤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነበር፤ እሷ ከሥር አየችው። አሁን ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ አልተናገረችም። እናቷ መምታት አልተወችም። ማማሰያው ሲሰበር ነው የሮጥኩት።”

ጠጂቱ ማማሰያው መሰበሩን ረስታው ነበር። እሱ ሲለው ነው ቀጭ ሲል የሰማችው፣ ጀርባዋ ላይ። እንባዋ መጣ፤ ተናደደችበትም፣ ለዚያ ሁሉ ዘመን ይህንን ይዞ መኖሩ አናደዳት። ቢረሳው ኖሮ ይቀላት ነበር።

“ገጥሟል” አለ ቶልቻ። ፊቱ አመድ መስሏል። “አባባ፣ ይህ እኮ በር ላይ ይለጠፋል። ተቃዋሚ ካለ እንዲያነበው ግድ ነው። ሕዝቡ…”

“ለጥፈው” አለ ኢተፋ። “ሕጉ ነው።”

አዲሱን መዳብ አንገቱ ላይ አሰሩለት። አሮጊቷና ሽማግሌው ወደ ውጭ ወጡ። ፀሐዩ ከሐይቁ የቀረውን ነጭ ጨው እያንጸባረቀ ዓይን ያማል።

“አትለውም ብዬ ነበር ያንን ቀን የመረጥኩት” አለች።

“አውቃለሁ።”

“ይህ ስለ ዘበርጋ ምንም አይክስም። እንዳይመስልህ።”

“አይክስም” አለ።

እሱ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ሊሄዱ ነበር። የከተማው በር ላይ ግን ግርግር ነበረ። አንዲት ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ በዚያ ፀሐይ በነጠላዋ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። የበሩ ዘብ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንኑ ሲል የዋለ፣ ነገም ሲል የሚውል ሰው ነው።

“ዋስ?”

ሴትዮዋ የለኝም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

“እንግዲያስ ማዶ ጠብቂ። ሐኪሙ ሲወጣ ያይሻል።”

“መቼ ነው የሚወጣው?”

“እሱን እንጃ።”

ኢተፋ ቆመ። ከዘራውን አስቀደመና ሄዶ ዘቡ ፊት ቆመ። “አብሮ አደጌ ናት” አለ።

በሩ ላይ ከተሰለፉት አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎቹ ግን ማን እንደ ተናገረ ሲያዩ ሳቁ አብሯቸው አልወጣም። ዘቡ ቶልቻን ጠራ። ቶልቻ እየሮጠ መጣና ነገሩን ሰምቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

“አባባ! ያሰርንልዎ መዳብ እኮ ገና አንገትዎን አልለመደም። ይህቺን ልጅ አብሮ አደጌ ናት ቢሉ ማን ያምንዎታል?”

“ሕጉ እመኑ አይልም። ቃል ካለ እስከ ምርመራው አስገቡ ነው የሚለው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

“ምርመራው እኮ ሳምንት ነው! እሷም ትወጣለች፣ እርስዎም ይወጣሉ።”

“እስከ ሳምንት ድረስ ውሃ ትጠጣለች፣ ሐኪም ያያታል። ይህ ትኩሳት ቶሎ ከተያዘ ይድናል።”

ቶልቻ ወደ ጠጂቱ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እማማ፣ የእሳቸው ዋስ እርስዎ ነዎት። አብረው ሊወጡ ነው። አሁኑኑ ዋስትናዎን ካነሡ ግን አይነካዎትም። አንሥቻለሁ ይበሉኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።”

ጠጂቱ ደሟ ፈላ። ለዘበርጋ ያልወጣች ያቺ አንዲት ቃል፣ እግር ተስሞባት ያልወጣች ቃል፣ ስሟን እንኳ ለማያውቃት ሴት እንዲሁ ወጣች። ያውም የሚያስይዘው የጠጂቱን ቤት፣ የእሷን ውሃ፣ የእሷን ሞት ነው። እንዲህ ባለ ዕድሜ ማዶ መውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

“ሳትጠይቀኝ” አለችው።

“ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።”

“እል ነበር!”

“እኮ።”

“ለእሱ እንዲህ ማለት አቅቶህ ነበር?”

ኢተፋ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለጉባኤ፣ ለሠርግ፣ ለቀብር ንግግር አጥቶ አያውቅም። አሁን ያለው ግን አጭር ነበር። “ችዬ ነበር” አለ። “እችል ነበር፣ ጠጂቱ።”

እሷ ሴትዮዋን አየች። ሴትዮዋ የሚባለውን እየሰማች አልነበረም፤ ከዘቡ ወገብ ላይ የተንጠለጠለውን ኮዳ ነበር የምታየው። ጠጂቱ ጉልበቷን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ አጠገቧ ተቀመጠች። መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች። እንደ ምድጃ ይፋጃል።

“እማማ?” አለ ቶልቻ። “ልጻፍ? አነሡ?”

“አላነሣም።”

“እማማ፣ እባክዎን—”

“አላነሣም አልኩህ። ለዚያ ሰውዬ ብዬ አይደለም። ኮዳውን አምጣው።”

ዘቡ ቶልቻን አየ፤ ቶልቻ መሬቱን አየ። ከዚያ ኮዳው መጣ። ሴትዮዋ ስትጠጣ የጉሮሮዋ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቶልቻ በረጅሙ ተነፈሰና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

“የአብሮ አደግዎ ስም?” ሲል ኢተፋን ጠየቀው።

ኢተፋ ጠጂቱን አየ። ጠጂቱም ኢተፋን አየች። ሰልፉ በሙሉ ይጠብቃል።

“ንገሪው እንጂ፣ እህቴ” አለች ጠጂቱ ኮዳውን ከሴትዮዋ እጅ እየተቀበለች። “እኛ አርጅተናል፤ ስም ይጠፋናል።”

ሴትዮዋ አፏን ጠረገች። ስሟን በደከመ ድምፅ ተናገረች። ቶልቻ አልሰማሁም መሰለኝ ብሎ ደግማ እንድትለው ጠየቃት፤ ደግማ አለችው። ጻፈው።